ናሙና ቁጥር ሰባት

የቴሌቪዥን ሥርጭታችን መጪ ዘመን የተወሰነው ማይክሮፎን በተደረደረበት አዳራሽ አይደለም፤ በእኔ ሳሎን፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ ጡብ በተደገፈለት ሶፋ ላይ ነው። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። ሰው ጥፋቱን ራሱ ካልተናገረ ጎረቤት አሳምሮ ይናገርለታል ብዬ ነው።

የልጅ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ተማረች፣ ተመረቀች፣ ስሙን በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ በሚያስቸግር ክፍልም ተቀጠረች፦ የቴሌቪዥን ሥርጭት የወደፊት አቅጣጫዎች ጥናትና ፖሊሲ ዝግጅት ክፍል። ቅጥሯ ግን በኮንትራት ነው። ጥናቱ ካማረ ክፍሉ ይቀጥላል፣ እሷም ቋሚ ትሆናለች፤ ካላማረ እንደገና ማመልከቻ ይዞ መዞር ነው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ድሮም ብዙ አልነበረኝም።

ስለ ራሴም ጥቂት ልበል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማንበብና መጻፍ አያቅተኝም። ከዚያ በላይ የተካንኩበት ሙያ ማማረር ነው። በሩ ሲከፈት ብርድ ይገባል፣ ሲዘጋ ይታፈናል። ዳቦ ሻጩ በየወሩ ዳቦውን ያሳንሰዋል፣ ሐኪሙ አያዳምጥም፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ቤት ውስጥ በጫማ ይራመዳል። ልጅቷ ተማሪ ሳለች የምትነቃው በሰዓት ደወል ሳይሆን በእኔ እሮሮ ነበር።

ቴሌቪዥን ላይ የማየው ኳስ ነው። ኳሱን እንኳ አይደለም፣ በረኛውን ነው። ሌላው ሁሉ ወዲያ ማዶ ሲራኮት እሱ ብቻውን ጥጉ ላይ ይቆማል። ላብ የለው፣ ጃኬት የለው። ጓደኞቹ ባጠቁ ቁጥር «አሁን ይኼን ልጅ ብርድ ሊመታው ነው» እያልኩ ዘጠና ደቂቃ በሐሳብ አልቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለሰው አልናገርም።

ታዲያ ክፍሉ ጥናት እንዲያካሂድ ታዘዘ። አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ለስድስት ሳምንት ያዩትን ፕሮግራምና የእርካታቸውን መጠን በቅጽ እንዲሞሉ ተወሰነ። ቤተሰቦቹ ከዳር እስከ ዳር መመረጥ ነበረባቸው። ሆኖም ከክፍሉ ሁለት መኪኖች አንዱ ጋራዥ ገብቷል፣ ሁለተኛው ኃላፊውን ያመላልሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቅጹን ወደ ዘመዱ ቤት ይዞ ሄደ። ይህም በሰነዱ ላይ «ቅርበትን መሠረት ያደረገ የናሙና አመራረጥ» ተብሎ ሰፈረ። በዚህ ሳይንሳዊ ዘዴ አምስት እናቶች፣ ሦስት አማቶች፣ ሦስት አክስቶችና አንዲት አያት ተመረጥን። የኃላፊው እናት ቁጥር አንድ ሆኑ፤ እኔ ቁጥር ሰባት።

«እማዬ፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊ» አለችኝ ቅጹን ስትሰጠኝ። «ያላየሽውን እንዳትጽፊ።»

«መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ?» አልኳት ተቀይሜ።

የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነበር።

ብቻዬን ስቀር አወጣሁ አወረድኩ። ኳስ ብዬ ብጽፍ አለቆቿ «ያሳደገቻት እንዲህ ያለች ናት?» አይሉም? ፕሮግራሙ አሰልቺ ነው ብዬ ብጽፍስ ልጅቷ የምትበላበትን ወጪት በገዛ እጄ መስበር አይሆንም? ጋዜጣው ላይ የፕሮግራም ዝርዝር ይወጣል። ከዚያ ከበድ ከበድ ያለውን እየመረጥኩ ሞላሁት። «ማክሰኞ። የሥርጭት ዘርፍ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች፣ የፓናል ውይይት፣ ክፍል አራት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታይቷል። እርካታ፦ እጅግ በጣም ከፍተኛ። ሊሻሻል የሚገባው፦ ቢረዝም።» መብራት ጠፍቶ በዋለበት ሐሙስ እንኳ እርካታዬ ንቅንቅ አላለም። ቅዳሜ ቅዳሜም ዓይኔ በረኛው ላይ፣ እጄ ቅጹ ላይ ሆኖ ፓናሉን አመሰግን ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ኃላፊው ራሳቸው ሊያረጋግጡ መጡ፤ መኪናው በእጃቸው ነበርና። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን እንደ ማይክሮፎን የሚሞክሩ ሰው ናቸው። ሶፋው ላይ ከጡቡ አርቄ አስቀመጥኳቸው። የልጅ ልጄ ከኋላቸው ቆመች።

«እማማ፣ በነፃነት ይንገሩን» አሉኝ። «ሥርጭታችን ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም።»

«ትንሽም እንኳ?»

«ምን ይጎድላል ብለው ነው ጌታዬ። ሞልቶ ፈሷል።»

ይህን ስል ልጅቷ ከኋላቸው ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። አንገቷን ብርድ መታት ብዬ ደነገጥኩ። ምስጋናዬን ሳላቋርጥ ተነሥቼ የራሴን ሻርፕ ጠመጠምኩላት። ኃላፊው ልባቸው ተነክቶ «መሠረታችን እንዲህ ያለ ቤተሰብ ነው» ብለው ማስታወሻ ያዙ። ከሄዱ በኋላ ልጅቷ አንድ ነገር ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ በታመመ አንገት ብዙ አይወራም ብዬ ትኩስ ውኃ በማር ሰጠኋትና አስተኛኋት።

ውጤቱ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። አሥራ ሁለታችንም ናሙናዎች ደረታችን ላይ ቁጥራችን ተለጥፎ ፊት ወንበር ላይ ተደረደርን። አጠገቤ የተቀመጡት የኃላፊው እናት ነበሩ፤ ትልቅ ቦርሳ አቅፈዋል። ልጃቸው መድረክ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ሞከሩና የተመልካቹ እርካታ መቶ በመቶ መሆኑን አበሰሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቁጥር አንድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እውነት ግን ያንን ውይይት ያዩታል?»

«እርስዎስ?»

«እኔ ነፃ ትግል ነው የማየው። ሰው ሰውን አንሥቶ ሲያፈርጠው ደስ ይለኛል። ግን ለልጄ ይህን ምን ብዬ ልጻፍለት?»

«እኔ ደግሞ ኳስ።»

«ኧረ ይተዉኝ እህቴ፤ ቁጥር አራት ቴሌቪዥኗ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል።»

ሁለታችንም አጨበጨብን፤ ሌላው ሁሉ ያጨበጭብ ነበርና።

ኃላፊው ቀጠሉ። ተመልካቹ ሙሉ በሙሉ የረካ ስለሆነ የቴሌቪዥን መጪው ጊዜ እንዳለፈው ጊዜ ሆኖ ይቀጥላል። አንድም ተመልካች ያልተመዘገበላቸው ስፖርቶች ተነሥተው ሰዓታቸው ለፓናል ውይይት ይሰጣል። የሚጠና ችግር ስላልተገኘም የጥናት ክፍሉ ተልዕኮውን በድል አጠናቅቆ ይዘጋል፤ የኮንትራት ሠራተኞቹም ከልብ ይመሰገናሉ። እሳቸው ራሳቸው ለዚህ ስኬት የላይኛው ፎቅ ላይ ቢሮ ተሰጣቸው።

በጭብጨባው መሐል ልጅቷን በዓይኔ ፈለግኳት። በሩ አጠገብ ቆማ፣ ሻርፔን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ታየኛለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብተን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምን ቢቀየር እንደሚሻል አርባ ገጽ ጽፋ እንደነበር ያኔ ነገረችኝ። የጎደላት ቅር የተሰኘ ተመልካች ብቻ ነበር።

«አንድ ሰው፣ እማዬ። አንድ ሰው ቢያማርር ክፍሉ ይቀጥል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺን አማርሪ ብሎ መንገር ያስፈልጋል?»

እውነቷን ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ስለ በርና ስለ ዳቦ ሳማርር የኖርኩ ሴት፣ ማማረር ለአገር በሚጠቅምበት ስድስት ሳምንት ጨዋ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ፍርሃቴን ጨዋነት ነው እያልኩ ቅጹ ላይ ስሞላው ከረምኩ።

ቅዳሜ በበረኛዬ ሰዓት ፓናሉ መጣ፤ ክፍል ሃያ ሁለት። ሰባቱም ተወያዮች ወፍራም ኮት ለብሰዋል። የምጨነቅለት ሰው እንኳ አጣሁ።

በዚህ ጊዜ ወረቀት አወጣሁና ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ዋሽቻለሁ፣ ጥናቱ ይደገም፣ ልጅቷ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ የሚቻል ከሆነም በረኛው። በሦስተኛው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ።

«አቤቱታ አቅራቢዋ፣ ናሙና ቁጥር ሰባት፣ በጥናት በተረጋገጠው መሠረት እጅግ በጣም የረኩ ስለሆኑ ቅሬታ ሊኖራቸው እንደማይችል በአክብሮት እንገልጻለን።»

ከሥሩ ትንሽ ሠንጠረዥ ነበረ። በዚህ ምላሽ ያለዎት እርካታ፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ በጣም ከፍተኛ። ልጅቷ ሌላ መሥሪያ ቤት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው። ኃላፊ ደግሞ ከኃላፊ ጋር ይተዋወቃል። ነገ አንዱ ለሌላው ምን እንደሚያወራ በምን ይታወቃል ብዬ አሰብኩና እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ልጅቷ ከእጄ ቀማችኝ።