ያላለቀው በቆሎ

ስለ እሳት እራት የምናውቀው መብራት ላይ ዘላ መሞቷን ነው፤ አሟሟቷን እንጂ አኗኗሯን የጠየቀ የለም። እህል የምትፈጀው ዓይነት ገና ትል ሳለች አንዲት የበቆሎ ፍሬ በስታ ትገባና፣ የቤቷን ግድግዳ እየበላች ብቻዋን ታድጋለች። ክንፍ ስታወጣ ፍሬዋን ቀድዳ ትሄዳለች። እኔም ባሕር ዳር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እንዲሁ እኖራለሁ፤ ክንፉ ብቻ ቀርቶብኛል።

ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ አዲስ አበባ ወላጆቿ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል። ተለያይተናል። ከከተማው ወጣ ብሎ መሸንቲ ላሉት ዘመዶቼ ግን ትንፍሽ አላልሁም። እናንተስ ብትሆኑ በየትኛው አፋችሁ ትናገሩታላችሁ? ሽማግሌ ሆነው ሄደው ያጋቡኝ አጎቴ አያ ዘለቀ ናቸው። በየዓመቱ እህል ሲገባ "ለልጆቹ" እያሉ አንድ ጆንያ በቆሎ ያመጡልኛል። አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ ጥንዶችን የሚያሳድዱት ፎቶ አንሺዎች እኔን ሲያዩ ያልፋሉ። ብቻዬን መሆኔን ከዘመዶቼ በቀር የማያውቅ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አያ ዘለቀ አዲሱን ጆንያ በባጃጅ አስጭነው ሳይነግሩኝ ከች አሉ።

"ልጆቹስ?"

"አያታቸው ዘንድ ናቸው" አልሁ። ውሸት አይደለም።

"በል የአምናውን ጆንያ አምጣልኝ።"

የገጠር ዘመድ እህሉን ይሰጣል እንጂ ጆንያውን አይሰጥም። ይህን እንዴት እንደዘነጋሁት እንጃ። "ጠፍቷል" ልል ሳመነታ፣ እሳቸው ማድ ቤት ገብተው ጥግ የቆመውን ጆንያ አፉን ፈቱት። ገለባ የመሰሉ የእሳት እራቶች ቡን ብለው ወጥተው ጋቢያቸው ላይ ሰፈሩ። አያ ዘለቀ አንድ እፍኝ ዘግነው ተመለከቱት፤ ፍሬው ሁሉ ቀዳዳ ነው።

"ልጅ ያለበት ቤት እህል እስኪነቅዝ አይቆይም" አሉ። "መቼ ነው የሄደችው?"

ነገርኋቸው። አፈርሁ፤ ደግሞም ቀለለኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጣሳ ጠየቁኝ። ከአዲሱ በቆሎ ጥቂት ሰፍረው ድስት ውስጥ ገለበጡልኝና የቀረውን መልሰው አሰሩት።

"ለብቻህ ይኸ ይበቃሃል። ሲያልቅ መሸንቲ መጥተህ ትወስዳለህ። ከእንግዲህ እኔ አላመጣም።"

ጆንያቸውን ባጃጁ ላይ አስጭነው ሄዱ። ቤቱም እንደ ወትሮው ጭር አለ።

ከዚያ ወዲህ ቁርሴ ንፍሮ፣ ምሳዬ ንፍሮ፣ ራቴ ቆሎ ሆኗል። በቆሎ ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ቶሎ እንዲያልቅ ነው።