ገመድ ይዞ የሚዞረው መምህር

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሰው ከብት ሳይጠፋበት፣ ለቅሶም ሳይኖርበት፣ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ ዳገት ይወጣል? የእኔ ተከራይ፣ ዘመሮ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ፈረንጅ፣ ይወጣል። "ምን ልታመጣ ነው ልጄ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ጓሳን ለማየት ነው አባባ" አለኝ። ያ ከበላያችን ያለው የጓሳ ተራራ የት ይሄድበታል?

በእኛ አገር ባዶ እጁን ጓሳ የሚንከራተት ሰው ከብት የጠፋበት ነው። ያገኘው ሁሉ "ምን ጠፋብህ?" እያለ አብሮት ሲፈልግ ይውላል። ልጁም መላው ጠፋው። በቅሎው ጠፍታበት፣ ጉልበቱ እስኪዝል ፈልጎ ያጣትና እህል አልቀምስ ያለው ጎረቤቴ አያ ደምሴ እንኳ እሱን ሲያይ እንዲህ እያለ ይስቃል።

"እግር የተረፈው ሰው ዘንድሮ ገና አየሁ!"

አዘንኩለትና ገመድ ሰጠሁት።

"ይህን ያዝ። ሲጠይቁህ የአያ ደምሴን በቅሎ እየፈለግሁ ነው በል፤ መንገድህን ይተዉልሃል።"

ለማምለጫው ብዬ እንጂ፣ እውነት ፈረንጅ በቅሎ ያገኛል ብዬ መሰላችሁ?

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደጄ ላይ ቆሟል። ፀሐይ ፊቱን በርበሬ አስመስሎታል፤ በገመዱ ጫፍ በቅሎዋ! አያ ደምሴ እየሮጠ መጣና መጀመሪያ የበቅሎዋን አንገት፣ ቀጥሎ የመምህሩን አቀፈ።

"እግርህን ይባርከው! ያን የሰደብኩትን እግር!"

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ከደጄ ሰው አይጠፋም። አንዱ በግ፣ አንዱ አህያ ጠፋብኝ ብሎ "ለመምህሩ ይንገሩልኝ" ይለኛል። ልጁ ጓሳን ጠግቦ አይቷል፤ እንዲሁ ዝም ብሎ እንዲያይ ግን እስከ ዛሬ አልተፈቀደለትም።