ጅረት የሚያክሙት ሲስተር

በየሰፈሩ፣ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ አንዲት ሴት አይጠፉም። ሌላው ፍጡር ቅዳሜ ማለዳ ብርድ ልብሱን ሲከናነብ፣ እሳቸው የጎማ ቦት ጫማ አጥልቀው የሰፈሩን ጅረት ጤንነት ሊመረምሩ ይወርዳሉ። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ በጎ ፈቃድ ይባላል። ለእኛ ሰፈር የደረሱት በጡረታ የተሰናበቱ ነርስ ናቸው። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ እኔ ግን ማዕረግ ሲጓደል ስለማልወድ «ክብርት የጅረታችን ሐኪም» እላቸዋለሁ።

ክብርትነታቸው ለጅረቱ ቴርሞሜትር ያስገባሉ፣ ቀለሙን ያያሉ፣ ያሸቱታል። ከዚያም ድንጋይ እየገለበጡ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትን በመረብ ይይዙና፣ ከእኔ ቤት በተዋሱትና መመለሱ በተረሳ ነጭ ትሪ ላይ ያፈስሷቸዋል። ውኃ ሲበከል ቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ናቸውና፣ ሲያገኟቸው እንደ ልጅ ልጅ አገላብጦ መሳም ብቻ ይቀራቸዋል። በአጠገባቸው ጮክ ብሎ ያወራ ሰው «ድምፅ ቀንሱ፣ በሽተኛ አለ» ይባላል። መኪናውን እዚያ ሊያጥብ የመጣን የታክሲ ሹፌር፣ በሽተኛ አልጋ ላይ እግሩን ይታጠብ እንደሆነ ጠይቀው ከነባልዲው መልሰውታል።

አንድ ቅዳሜ ትሪው ላይ አረፋ ተገኘ። ክብርትነታቸው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው ከጅረቱ ዳር ባለው ላውንደሪ ላይ ነው። ባለቤቱ ከዚያች ሱቅ ሌላ ልጆቹን የሚያሳድግበት የለውም። ምሎ ተገዘተ፤ የሚሰማው አጣ። ክብርትነታቸው ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከቱ፤ እሱም ሰኞ ሱቁን ሊያሽግ ቆረጠ።

እሑድ፣ ክብርትነታቸው ሐኪም ያለ ምስክር አይፈርድም ብለው እኔንና ባለላውንደሪውን ወደ ጅረቱ ጠሩን። ሐኪም እንደሚፈርድ ያን ቀን ሰማሁ። ሰውየው ሱቁን ቆልፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ክብርትነታቸው በነርስነት ልማዳቸው፣ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት መረቡን፣ ትሪውንና እጃቸውን እስከ ክርን በሳሙና ፈተጉ፤ መረቡ ስለሸተታቸው ሰሞኑን የጀመሩት ጥንቃቄ ነው። የፈተጉትም ውኃው ከሚመጣበት በኩል ባለው ድንጋይ ላይ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብለው መረቡን ነከሩ። አረፋ።

«ታያለህ ልጄ?» አሉት።

ባለላውንደሪው አረፋውን አየ። የመጣበትን አቅጣጫ በዓይኑ ተከትሎ ድንጋዩ ላይ ከተቀመጠው ሳሙና ደረሰ።

«ሲስተር፣ የኔ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ያጠበው ማን ነው?»

ሲስተር ሳሙናውን አዩ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

ሰኞ፣ የማዘጋጃ ቤቱ በር ሳይከፈት እሳቸው ደጁ ላይ ነበሩ፤ እኔም ትሪዬን ፍለጋ ነው ብዬ ተከትዬአቸው ነበር። ለኃላፊዎቹ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለበሽተኛው ሳሙና ያጠጡት ራሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። የግድ የሚታሸግ ነገር ካስፈለገ የእሳቸው ቤት በር እንዳለም አከሉ። ሱቁ ሳይታሸግ ቀረ።

ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅባቸው ከረመ። ቅዳሜ ግን ወረዱ። ከሳሽ መርማሪ ሊሆን አይገባም ብለው መረቡን ለባለላውንደሪው ሰጡት። ሳሙናውን ለእኔ አስረክበው፣ ለማንም፣ በተለይ ለእሳቸው እንዳልሰጥ አዘዙኝ። እኔ የተማሪን ስሕተት እንጂ ያራሚውን ስሕተት ይፋ ሲወጣ ማየት ያልለመድኩ መምህር ነኝና፣ ትእዛዙን ቆሜ ተቀበልኩ።

ባለቤቴ እንደምትለው አሁን ከእኔ ጋር መኖር አይቻልም። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ትሪ ላይ አጎንብሼ፣ ጥፍር ለማታክል የውኃ ፍጡር «እሰይ፣ እንኳን ደኅና ሆንሽ» ስል ሰምታኛለች። ይህንን ለማስተባበል ያደረግሁት ጥረት የለም።