የዝግባ ማርያም ፌርማታ ለአምስት ሲከፈል

ቀን፦ ረቡዕ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ሉቃስ።

ቦታ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው በአዲሱ የካሚዮን መንገድ ዳር፣ ዝግባ ማርያም፣ እመት ወለላ ጠላ ቤት ውስጥ። እዚህ የተሰበሰብነው ጣሪያው የማያፈስ ቤት ይኸ ብቻ ስለሆነ ነው። ጠላ ስላለበት ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱም አልዋሹም።

የተገኙ፦
፩. ጭቃ ሹም ባዘዘው፣ ሰብሳቢ፤
፪. ባላምባራስ ፈንታ፣ ባላምባራስነቱን ዘንድሮ ከጣልያን ያገኙ፤
፫. መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ከማርያም ደብር፤
፬. እማሆይ ወለተ ሐዋርያት፣ የአገሩን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው የሚቆጥሩ፤
፭. እኔ እንዳላማው፣ ጸሐፊ። ድምፅ የለኝም፤ የእጅ ጽሕፈት ግን አለኝ።

ያልተገኙ፦ ግራዝማች ወልደ ሚካኤል። የጠፋ በሬ ሊፈልጉ ጫካ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሬው እስካሁን አልተገኘም። ጠመንጃቸውም አብሯቸው ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አገሩን ያቀኑት አባት አምስት ልጆች ስለነበሯቸው ርስቱ ለአምስት ይከፈላል። ከአምስቱ ድርሻ አራቱ ስለተገኙ ሞልቷል ተባለ። ስብሰባውም ከጧቱ በሦስት ሰዓት ተጀመረ።

ጸሐፊው የተመረጠው በሙሉ ድምፅ ነው። ከየኔታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ማታ ማታ አራት ወር ፊደል ቆጥሬ ባለፈው ሳምንት ጨርሻለሁ። በዚህ መንደር ከካህናት ሌላ መጻፍ የሚችል ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ረሳው። መሪጌታም ለካሚዮን ጉዳይ ቀለም አላባክንም ስላሉ ምርጫው አላከራከረም።

አጀንዳ ፩፦ ትእዛዙን ስለ መስማት

ጭቃ ሹሙ ከደብረ ማርቆስ የመጣውን ትእዛዝ አሰሙ። ወረቀቱ በጣልያንኛ ስለሆነ አስተርጓሚው በቃል የነገራቸውን እሳቸውም በቃል ነገሩን። ካሚዮን የሚቆምበት ቦታ ከእንግዲህ ፌርማታ ይባላል። ከፌርማታው ግራና ቀኝ፣ እስከ መቶ እርምጃ ድረስ፣ በፕላን ሱቅ ይሠራ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ያልተሠራ እንደሆነ ፌርማታው ወደ ሌላ መንደር ይዛወራል።

እማሆይ ፕላን ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው አስተርጓሚውም አላወቀው ሲሉ መለሱ። ባላምባራስ ፈንታ ፕላን ማለት ቤት ከመሠራቱ በፊት የሚደረግ ጠብ ነው ሲሉ አስረዱ። ጉባኤው በዚህ ትርጉም ተስማምቶ ወደ ፕላኑ ገባ።

አጀንዳ ፪፦ ለሱቅ ለም የሚባለው መሬት የቱ እንደሆነ

ርስት ሲከፈል ከለሙም፣ ከለም ጠፉም፣ ከጠፉም ለሁሉም እኩል እንዲደርስ የአባቶች ደንብ ነው። እህል የት እንደሚበቅል የማያውቅ በመካከላችን የለም። ሱቅ የት እንደሚበቅል ግን አከራከረ።

ባላምባራስ ለሙ መሬት ከኮረብታው ላይ ያለው የራሳቸው ማሳ ስለሆነ ካሚዮኑ እዚያ ወጥቶ ይቁም አሉ። ካሚዮኑ ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላው እንደሚንሸራተት ሲነገራቸው ድንጋይ አስደግፋለሁ አሉ። መሪጌታ በበኩላቸው ካሚዮኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ቢቆም ነጋዴውም ይሳለማል፣ ተሳላሚውም ይገዛል አሉ። ሹፌሩ እስላም ቢሆንስ ተብለው ሲጠየቁ እሱ ካሚዮኑን ይጠብቅ ሲሉ መለሱ።

ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ተሳፋሪ ወርዶ እግሩን የሚያሳርፍበት ለም፣ ተሳፋሪ ውሃ ሽንት የሚሄድበት ለም ጠፍ፣ የካሚዮኑ አቧራ ብቻ የሚደርስበት ጠፍ እንዲባል ተወሰነ።

ለሙ ወዲያው ተለካ፤ ዐሥር ክንድ ሆነ። በዐሥሩም ክንድ ላይ እኛ ተቀምጠን ጠላ የምንጠጣበት ቤት ቆሟል።

አጀንዳ ፫፦ ስለ አከፋፈሉ

ዐሥር ክንድ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ክንድ ይደርሰዋል። ይህን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ በጣቴም አልቆጠርኩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሱቅ ወርዱ ሁለት ክንድ፣ ርዝመቱ መቶ እርምጃ ይሆናል። የጭቃው ግድግዳ ሲቀነስ ለሰው የሚተርፈው አንድ ክንድ ተኩል ነው። ባለሱቁ ፊቱን ወደ ጓሮ አድርጎ ከገባ ዞሮ ገበያተኛ ለማየት መቶውን እርምጃ ሄዶ፣ በጓሮ ወጥቶ፣ በደጅ በኩል እንደገና መግባት ይኖርበታል።

ባላምባራስ ሆዳቸውን በእጃቸው ከለኩ በኋላ በዚህ ሱቅ እኔ አልገባም ሲሉ ተቃወሙ። መሪጌታ ይጹሙ አሏቸው። ባላምባራስ አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጦም እኮ የለም ሲሉ ተከራከሩ። ዕቃው ውስጥ፣ ባላምባራስ ውጭ እንዲሆኑ ተወስኖ ታለፈ።

አጀንዳ ፬፦ ስለሚሸጠው ነገር

አንዱ ስኳር ሌላው ሻማ ቢሸጥ ምቀኝነት እንደሚነሣ ሰብሳቢው አሳሰቡ። ስለዚህ አምስቱም ሱቅ ጨው ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። ዳቦ የሚፈልግ መንገደኛ ቢመጣስ ብላ የጠላ መቅጃ ይዛ የቆመችው እመት ወለላ ጠየቀች። ድምፅ የሌለው ሰው ጥያቄ እንዳይጠይቅ ተወሰነ፤ ጥያቄዋም ሳይመለስ ተመዘገበ።

አጀንዳ ፭፦ በለሙ ላይ ስላለው ቤት

እመት ወለላ የቁይ አገር ልጅ ስትሆን ለዚህ አገር ሰው ለአለበል ተድራ የመጣች ናት። አለበል ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ እርሻውን ዘመድ ሲካፈለው፣ ለእሷ ደግሞ ማረሻ የማይገባበትን ይህን ድንጋያማ ጥግ ጭቃ ሹሙ በጃቸው አሳይተው ሰጧት። ድንጋዩን ፈንቅላ ቤት ሠራች። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገዱ በደጇ አለፈ።

ጭቃ ሹሙ የሰጠኋት ማደሪያ እንጂ ርስት አይደለም ሲሉ አስረዱ። ከዚህ በኋላ የተባለውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

«አያ ባዘዘው፣ ሲሰጡኝ ጠፍ ነበር ወይስ ለም?»

«ያን ጊዜ ካሚዮን መቼ ነበረና።»

«ካሚዮኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ?»

«ኧረ አንቺ አይደለሽም።»

«እናንተስ ናችሁ?»

ሰብሳቢው ወደ ውሳኔ እንግባ አሉ። እመት ወለላ እስከ ግንቦት መጨረሻ በቤቱ እንድትቆይ፣ እስከዚያው ለስብሰባው ጠላ እንድትጠምቅ በርኅራኄ ተወሰነ።

ቤቱ ከግራ ወደ ቀኝ ለአምስት ተሸነሸነ። ዕጣ የሚያነሣ ድርሻ የሌለው ሰው መሆን ስላለበት፣ በቤቱም ውስጥ ድርሻ የሌላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ዕጣውን ራሷ እንድታነሣ ታዘዘች። ጭቃ ሹሙ ጠጠር፣ ባላምባራስ የጥይት ቀለህ፣ መሪጌታ የብዕር ስባሪ፣ እማሆይ ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ሰጡ። ለግራዝማች ኩበት ተደረገላቸው። እመት ወለላም ቤቴን በገዛ እጄ አስቆረጣችሁኝ እያለች አንሥታ አኖረች። ለባላምባራስ በሩ፣ ለመሪጌታ የጠላ ጋኖቹ ያሉበት፣ ለጭቃ ሹሙ ምሰሶው፣ ለእማሆይ መደቡ፣ ለግራዝማች ምድጃው ወጣ።

ባላምባራስ ከእንግዲህ ያለ ፈቃዴ በበሬ የሚገባ የለም አሉ። መሪጌታ እንግዲያው ከጋኔ የተቀዳውን ዋንጫ ያስቀምጡ አሏቸው። ሐሳብ ለሐሳብ ተለዋወጡ፤ ዋንጫውም አብሮ ተወረወረ። ምሰሶውን ስለመታው ጭቃ ሹሙ ለምሰሶዬ ካሳ ይገባኛል አሉ። ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

አጀንዳ ፮፦ ድንበሩን በገመድ ስለ ማሳየት

ድርሻው እንዳይደባለቅ ዛሬውኑ ገመድ እንዲጣል ተወሰነ። የበሬ ጠፍር ከየቤቱ መጣ፤ ጠፍር ለጠፍር ተቀጣጥሎ ስድስት ገመድ ተዘረጋ። ትእዛዙ ግራና ቀኝ ስለሚል ስድስቱም መንገዱን አቋርጠው ማዶ ካሉት ዛፎች ላይ ታሰሩ፤ ቁመታቸውም እስከ ደረት ነው። እኛም ዱላችንን ይዘን በየገመዱ ዳር ቆምን።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ካሚዮኑ ከማርቆስ በኩል መጣ። ቆመም። የቆመው ግን ከፌርማታው ሳይሆን ከመቶ እርምጃ ወዲያ ነው። ባላምባራስ «ና! ና እንጂ! ሱቁ እዚህ ነው!» እያሉ ዱላቸውን አወዛወዙ። ከጭነቱ ላይ የነበረው ወታደር አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ካሚዮኑም ፊቱን ሳያዞር እስከ ቁልቁለቱ ሸሸ። ካሚዮን በቂጡ እንደሚሮጥ በዚህ ቀን ተረዳን።

ሳይያዝ የመጣ አጀንዳ

እማሆይ «እናንተ ሰዎች፣ በዚህ አገር መንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ ካሚዮን የሚጠብቀው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሁላችንም በሬ ፍለጋ የሄዱትን አሰብን። ማዶ ያለው መንደር ስለ አንድ የተቆረጠ የስልክ ሽቦ ሲቃጠል ጭሱን ከዚሁ ሆነን አይተነዋል።

ባላምባራስ ገመዱን ከመጀመሪያው እንደተቃወሙ ይጻፍልኝ አሉ። መሪጌታ ከጧት ጀምረው ቤተ ክርስቲያን እንደነበሩ አስታወሱ። ጭቃ ሹሙ ለመሆኑ ጭቃ ሹም ማን ነው አሉ። ወደ ጫካ እንግባ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ባላምባራስን እዚያ የሚያውቃቸው ሰው ስላለ በእሳቸው ተቃውሞ ወደቀ።

በዚህ ጊዜ እመት ወለላ «የዳስ ገመድ ነው በሏቸው» አለች።

«የምን ዳስ?»

«የባሌ ተዝካር። እህል አጥቼ አራት ዓመት ሙሉ ያላወጣሁለት ተዝካር።»

እሷ ቀጠለች። «ለምን ተሰበሰባችሁ ሲሏችሁ ዘመድ ነን በሉ። ተዝካር ካለ ግን በግ አለ፤ እንጀራ አለ፤ ፍትሐት አለ። ጠላው ከኔ፣ ሌላው ከናንተ።»

ባላምባራስ በጉ ለዐይን ያህል ታስሮ ቢታይስ ሲሉ ጠየቁ።

«የታሰረ በግ ተዝካር አይሆንም ባላምባራስ። የታሰረ ሰው መሆን ግን ይችላሉ።»

በጉ ከባላምባራስ ቤት እንዲመጣ በሦስት ድምፅ ተወሰነ።

«ደግሞ ተዝካር ባለቤት ይፈልጋል» አለች፤ «ቤቷ ለአምስት የተቆረጠባት ሴት የባሏን ተዝካር በየትኛው ክንድ ላይ ታውጣው?»

ጠፍሩን ለመፍታት ከሰብሳቢው የቀደመ አልነበረም። ጠፍሩ ወደ ግቢው ተጎትቶ የዳስ ማሰሪያ ሆነ፤ ቅጠል ተቆረጠ፤ እንጀራ ከየቤቱ በሌማት መጣ። መሪጌታ ፍትሐቱን ላሳጥረው ወይ አሏት። ሙሉውን አለች። ሙሉውን አደረሱ። አለበል የመሪጌታን ቤት ሣር የከደነ ሰው ነበር፤ የክርስትና ስሙን አንድ ጊዜ በሚጠሩበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ጠሩት። ይህን ማንም እንድጽፍ አላዘዘኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጣልያን ወታደሮች አለቃ የሆነ አንድ ሹምባሽ ከሃያ ወታደር ጋር በሁለት ካሚዮን ደረሰ። የማን ተዝካር ነው ሲል ጠየቀ። እማሆይ የአለበልን ትውልድ ከመጀመሪያው አባት ጀምረው መቁጠር ሲጀምሩ በአራተኛው ላይ በቃኝ አላቸው። ከዚያ አንድ አንዱን ለየብቻ እየወሰደ ቤቱ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። አራቱም ሳይመካከሩ የወለላ ነው አሉ። በዚህ ቀን ድምፅ ያልተለያየው በዚህ ብቻ ነው።

ሹምባሹ ለአለቆቹ የሚያሳየው ጽሑፍ ፈለገ። የሚጽፍ አለ ወይ ሲል ጉባኤው በሙሉ ወደ እኔ አየ። ሁለት ቅጂ አድርጌ ጻፍኩ፦ «ይህ ቤት የእመት ወለላ ነው።» ቀለሙም ስላላለቀ እጄም ስላልደከመ «ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምሰሶው እስከ ጋኑ፣ ከነመደቡ፣ ዐሥሩም ክንድ» ብዬ ጨመርኩበት። ከአራቱ ማንበብ የሚችሉት መሪጌታ ብቻ ናቸው። አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ አሻራቸውን ከሁሉ ቀድመው አኖሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሹምባሹ ማኅተም መትቶ አንዱን በኪሱ፣ ሁለተኛውን በእመት ወለላ እጅ አደረገ። ወታደሮቹም በልተው ጠጥተው ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ አንድ እስከ አጀንዳ ስድስት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ተወሰነ። ለሙ፣ ለም ጠፉና ጠፉ እንደ ቀድሞው መንገድ ዳር ብቻ ይባል። ሱቅ መሥራት የሚፈልግ ቢኖር ከእመት ወለላ ግቢ ወዲያ ይሥራ፤ የፈለገውንም ይሽጥ። ስብሰባው አልተደረገም፤ የተደረገው ተዝካር ነው። ይህ ቃለ ጉባኤም ባስቸኳይ እንዲቃጠል ጸሐፊው ታዘዘ፤ ነገር ግን ጸሐፊውም በስብሰባው እንዳልነበረ ስለተወሰነ የሚያቃጥለው ሰው አልተገኘም።

ያልተደረገው ስብሰባ ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት አበቃ። እኛ ከዚህ በታች ያለነው በስፍራው አለመገኘታችንን በአሻራችን እናረጋግጣለን። ቀለሙ ስላለቀ የባላምባራስ ፈንታ አሻራ የታተመው በራሳቸው በግ ስብ ነው።