ምትኬማ አለችኝ

ነገር ሁሉ ከመሞቱ በፊት ይናገራል። ጫማ አፉን ይከፍታል፣ ቆርቆሮ መጀመሪያ አንዲት ጠብታ ጣል አድርጎ ይሞክራችኋል፣ ጥርስም ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው መኖሩን ያስታውሳችኋል። የማይናገር የለም፤ የጠፋው ሰሚ ነው። እኛ ደግሞ ለሁሉም አንድ መልስ አለን፤ «ነገ»። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ቅጠሉን ይዞ የተገኘም አጋጥሞኝ አያውቅም።

የልጄ የታደሰ ኮምፒውተርም ተናግራ ነበር። ታደሰ መምህር ነው፤ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ አብረን እንኖራለን። ኪራሙ የነበረውን ቤታችንን ለቀን ስንመጣ የግድግዳው ፎቶ ሁሉ እዚያው ቀረ። የተረፈን እዚህች ሳጥን ውስጥ ያለው ነው፤ ከእሱም ለእኔ አንዱ ይበልጥብኛል። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ካሜራ ሲያይ ዳኛ ፊት የቆመ ይመስል ፊቱን የሚያጠብቅ ሰው ነበር። የሳቀው በሴቷ ልጃችን ሠርግ ቀን ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የጠላ ጋን ላይ ቁጭ አለ፤ ካሜራውም በራሱ ጊዜ ጠቅ አለ። ያ ሳቅ ነው ሳጥኗ ውስጥ ያለው።

ሳጥኗ መጀመሪያ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረች፤ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ በቆሎ ስትለቅም እንደሚሰማው ያለ። «ታደሰ፣ ይቺ ነገር ምን ሆናለች?» ስለው «ሞቋት ነው እማዬ» ብሎ መስኮት ከፈተላት። ቀጥላ ዘገየች፤ ፎቶውን ክፈትልኝ ብዬው ገበያ ደርሼ ስመለስ «ቆይ፣ እየመጣ ነው» ይለኛል። ከዚያ ባለቤቴ ከደረቱ በታች አመድ መስሎ ወጣ። ይህንንም አይቶ ልጄ አጥፍቶ አበራት። አመዱ ጠፋ። ፎቶውም አብሮ ጠፋ። እኔ አንዴ ባስል ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የሚያንከራትተኝ ልጅ ነው እንግዲህ።

በመጨረሻ አልነሳም አለች። በጋቢ ጠቅልዬ፣ ታቅፌያት ባጃጅ ተሳፈርን። ሹፌሩ ዞር ብሎ «ሕፃኗን አመማት እንዴ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ምን ልበለው?

የሚጠግናት ገመቹ የሚባል ወጣት ነው። «አከም ጅርቱ፣ አዮ» ብሎ ተቀበለኝ፤ እዚህ ወለጋ እናትን አዮ ነው የሚሏት። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣት።

«ውስጧ ያለው ዲስክ ሊሞት ነው። ይሄን ያህል ስትጮህ ማንም አልሰማትም?»

እኔ ታደሰን አየሁት። ታደሰ ጣሪያውን አየ።

«መንኳኳት ስትጀምር ማብራቱን መተው ነበረባችሁ። ባበራችኋት ቁጥር ነው የተጎዳችው።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ገመቹ እኔ ፊት በእንግሊዝኛ ማውራት ነውር መስሎት ነው መሰል፣ ስልክ ላይ ያየውን አማርኛ መርጦ «ምትኬ አላችሁ?» አለን።

ታደሰ አንገቱን ደፋ። «የለንም።»

ደሜ ፈላ። «እንዴት የለንም ትላለህ? እህትህን? ምትኬማ አለችኝ። ሻምቡ ናት፤ ባሏም ልጆቿም ደህና ናቸው።»

ሁለቱም ሳቁብኝ። ገመቹ እየሳቀ፣ ምትኬ ማለት ዋናው ቢጠፋ ተብሎ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ግልባጭ ነው ብሎ አስረዳኝ። ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? የመጀመሪያ ልጄ ጡት ሳይጥል ሞተብኝ፤ ቀጥላ የመጣችውን ምትኬ አልኳት። ይህን ስነግረው ገመቹ ሳቁን ትቶ መፍቻውን አነሳ።

ከብዙ ልፋት በኋላ የታደሰን የፈተና ወረቀት አንድ ሳያስቀር አወጣለት። ሠርጉ ግን አልወጣም። «ያኛው ቦታ ተበልቷል፣ አዮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቤት ስንገባ ሻምቡ አስደወልኩ። የአባትሽ ሳቅ ጠፋ ብዬ ለምትኬ ላረዳት ነው። ሰማችኝና «እማዬ፣ እኔ ጋ አለ እኮ» አለች። «ካገባሁ በኋላ ለፋሲካ ስመጣ በፍላሽ ይዤው ሄጃለሁ። ታደሰ ራሱ ነው የገለበጠልኝ።»

ታደሰ እንደገና ጣሪያውን አየ።

ፍላሹ በሻምቡ ሚኒባስ መጣ። ገመቹ ጋ ወስደነው ሲከፍተው ባለቤቴ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሙሉ ሆኖ፣ እየሳቀ ወጣ። እኔ አይኔን ሳብስ ገመቹ ሥራው ነውና ምክሩን ቀጠለ፤

«ጥሩ ነው፣ አዮ። ግን አንድ ምትኬ አይበቃም፤ ሁለተኛ ያስፈልግዎታል።»

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ?» አልኩት።