ክብርት ተቆጣጣሪና የጠረጴዛው እግር

የሰው ስልክ የመነተፈ ይታሰራል። የሰው ዕቃ የሰረቀ ይከሰሳል። የሰውን ዜና የሚቀማ ግን በየሄደበት ሻይ ይቀዳለታል፣ ትራስ ይደረግለታል፣ «ኧረ በሞቴ ትንሽ ይቆዩ» ይባላል። ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ቤተሰብ የተባለ ሁሉ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው አለው። «እኛ ዘንድ የለም» የሚል ካለ ራሱን ይመርምር፤ ምናልባት እሱ ራሱ ነው።

በልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ ይህን ሹመት የያዙት የሟች ባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን እግሮቻቸው ናቸው እንጂ ዓይናቸው ገና ሥራ ላይ ነው። ያኔ ትኬት ያልቆረጠውን ተሳፋሪ «አሳየኝ» ሳይሉት፣ መስኮት መስኮቱን ከሚያይበት አኳኋን ብቻ ይለዩት ነበር ይባላል። ቤተሰቡ በሹክሹክታ «ክብርት ተቆጣጣሪ» ይላቸዋል። ሹክሹክታውን ሰምተውታል፤ እንደ ሽልማት ቆጥረውት ቁጭ ብለዋል።

የሠሩትን ግፍ ስሙ። የሌላው ወንድማቸው ልጅ መኪና ገዛ። አሮጌ ናት፣ ግን መኪና ናት፤ ከአፉ እየነጠቀ አጠራቅሞ ነው የገዛት። ከቤቱ ጀርባ ደብቆ አቆማትና ምሳ ላይ ሊያበስር ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ክብርት ተቆጣጣሪ ሾርባቸውን እፍ እያሉ፣ «እንኳን ደስ ያለህ። ፍሬኗን ግን አስመርምር፤ ስትቆም ትጮኻለች» አሉት። ውጭ ዶፍ ይጥላል፣ የልጁ ጫማ ደረቅ ነው። «ታክሲ ነው እንዳንል፣ አንተ ለታክሲ አትከፍልም» ብለው ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። ልጁ ጉሮሮውን እንደጠረገ ተቀመጠ።

እህቱ ደግሞ ልታገባ ነበር። ለእናቷ እንኳ ገና አልነገረችም። ስልክ ተደወለላትና በረንዳ ወጥታ አውርታ ተመለሰች። ገና ሳትቀመጥ ክብርት ተቆጣጣሪ፣ «ሠርጉ መቼ ነው?» አሉ በሰው ፊት። «ከጓደኛው ጋር የሚያወራ ሰው እንዳለ ብድግ ብሎ ይወጣል። አንቺ ፀጉርሽን አስተካክለሽ ወጣሽ። ለማያይሽ ሰው!» እናትየው እልል ልትል ከፍታ የነበረውን አፏን ዘግታ አለቀሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የገዛ ልጇን ጋብቻ ከሌላ አፍ ሰማች። ፈተና የወደቀው የአጎት ልጅም ሳይታዘዝ ሳህን ሲያጥብ ተይዟል፤ እሱን እንኳ ተዉት።

የከሰሳቸው ሲኖር መልሳቸው አንድ ነው። «እኔ ምን አደረግሁ? ዓይን የተሰጠኝ ልጨፍነው ነው?» አንዳንዴ ቢሳሳቱ እኮ ይቅር ይባሉ ነበር። ቤተሰቡ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ክብርትነታቸው ሲሳሳቱ ለማየት ይናፍቃል። ከሁሉም አብልጣ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ትናፍቅ ነበር፤ ምክንያቱም ልብስ ሰፊዋ ምስጢር ነበራት።

ምስጢሩ አናጺ ነው። ነገሩ የተጀመረው በሱሪ ኪስ ነው። ሚስማር የቀደደውን ኪሱን ሊያሰፋ ምድር ቤት ካለው ሱቋ ገባ፤ ሰፋችለት። ተመልሶ መጣ፤ ሰፋችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ኪሱ የተቀደደው በሚስማር ሳይሆን በመቀስ መሆኑን አየች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመቀስ ቅድ ታውቃለች። ዝም ብላ ሰፋችለት፣ ሻይም አቀረበችለት።

ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ የምታፍርበት ነገር አልሠራችም። ግን አንዲት ልጅ አለቻት። በሌላ ከተማ ነርስ ናት፤ አባቷን ከነፍሷ አብልጣ ትወድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጇ ይህን ከእናቷ አፍ ትስማ፤ ከጎረቤት አይደለም፣ ከአክስቷማ በፍጹም አይደለም። ከሌላ አፍ የሰማች ቀን «እናቴ ደበቀችኝ» ትላለች፤ ያን ቀን ልጇን ታጣለች። ልጅቷ እሑድ ልትመጣ ነው፤ ልብስ ሰፊዋም እሑድ ልትነግራት ቃሏን ስትሰካካ ሰነበተች።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ክብርት ተቆጣጣሪ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ስለዚህ ይህች የተከበረች ሴት በገዛ ቤቷ ሌባ ሆነች! ሁለት ኩባያ አጥባ አንዱን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ትደብቃለች። የቫርኒሽ ሽታ እንዲወጣ በብርድ መስኮት ከፍታ ትቀመጣለች። ሰው ያልተቀመጠበት እስኪመስል የሶፋዋን ትራስ በቡጢ ትደበድባለች። ማንን ፈርታ? ኪራዩን ራሷ በምትከፍልበት ቤት!

«ምንም ምልክት እንዳትተው» አለችው አናጺውን፣ ዓርብ ዕለት።

ሰውየው ቃሉን ጠበቀ። ኮፍያውን ከእጁ አልለየም፣ ጫማውን ደጅ ጠርጎ ገባ። ነገር ግን ደንበኛ ጠራትና እሷ ወደ ሱቁ ወረደች፤ እሱ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቀረ። ብቻውንስ አይደለም፤ ከሚወዛወዝ ጠረጴዛ ጋር ነው። ድመትን ከወተት ጋር ትቶ መሄድ ይሻላል። የምግብ ጠረጴዛው ሲገዛም አንድ እግሩ አጭር ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለ ካርቶን አጥፎ ከሥሩ ወትፎበት፣ ያ ካርቶን እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አናጺው ካርቶኑን አወጣ፣ ከቦርሳው ቁራጭ እንጨት መርጦ ለካ፣ ቆረጠ፣ በኮላ አጣበቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ብናኙንም ጠርጎ በኪሱ ከተተ። ምልክት አትተው ተብሏላ! ልብስ ሰፊዋ ስትመለስ እንደ ደህና ልጅ ቁጭ ብሎ አገኘችው። እሷ ስለ ኩባያው ስትጨነቅ ስለ ጠረጴዛው ምኑን አውቃ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፤ ፈቃድ አግኝታ አንድ ቀን ቀድማ መጣች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሳይላቀቁ ክብርት ተቆጣጣሪ ከኋላ ደረሱ። ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ሻይ ተቀዳ። ክብርትነታቸው እንደ ልማዳቸው ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

ሻዩ አልተነቃነቀም።

ልብስ ሰፊዋ ያየችው ያኔ ነው፤ ክው አለች። ልጅቷም የአክስቷ ሥጋ ናት፤ ይህ ዓይን በዘር ይሄዳል መሰል። ጠረጴዛውን በመዳፏ ጫን አደረገችው።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር እኮ አይወዛወዝም።»

«እ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ድምጿ ተለውጧል። «የአባዬ ካርቶን የለም። እግሩን ሰው ሠርቶታል። ማነው የሠራው?»

ልብስ ሰፊዋ ለነገ የሰካካችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ደሟም ፈላ፤ በገዛ ሳሎኗ፣ በገዛ ጠረጴዛዋ፣ ትኬት እንዳልቆረጠች ተሳፋሪ ልትዋረድ ነው!

«አክስቴ፣ እስቲ አንቺ እይው» አለች ልጅቷ። «አንቺን የሚያመልጥ ነገር የለም።»

ክብርት ተቆጣጣሪ «ወይ ጉልበቴ» እያሉ ተንበረከኩ፣ የስልካቸውን መብራት አበሩ፣ ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ከላይ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው። ቆዩ። ጣታቸው እንጨቱን ሲዳብስ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ በዚያች ሰዓት እኚህን ሴትዮ ጠላቻቸው፤ ከልቧ ነው የጠላቻቸው። የልጇን ፍቅር በእጃቸው ይዘው እንጨት ይዳብሳሉ!

በመጨረሻ ብቅ አሉ። «ወለሉ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ወለሉ። ሰምጧል። ድሮ በዚያ በኩል ዝቅ ያለ ነበር፤ አሁን በዚህም በኩል ሰመጠና እኩል መጣ። አሮጌ ቤት እንዲህ ነው።»

«እግሩ ላይ አዲስ እንጨት አለ እኮ አክስቴ!»

«አዲስ አይደለም። ካርቶኑ ሸፍኖት ስለኖረ ሳይቆሽሽ ቀርቶ ነው።»

«ካርቶኑስ የት ሄደ?»

«አይጥ» አሉ ክብርት ተቆጣጣሪ፣ ሻያቸውን አንሥተው።

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አላመነችም። ይህን ውሸት ሕፃን አይውጠውም። ግን ተናጋሪዋ ማን ናቸው? ተሳስተው የማያውቁት ሴት! ልጅቷ ግንባሯን ቋጠር አደረገች፣ ወለሉን በእግሯ መታ መታ አደረገች፣ አመነችም። «እማዬ፣ ይሄ ቤት ያስፈራል፤ መሐንዲስ ይጠራ» እያለች ዳቦ ልትገዛ ወረደች።

ኩሽና ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ክብርት ተቆጣጣሪ ጀርባቸውን ሰጥተው ኩባያ ያጥባሉ።

«እትዬ…»

«የማይታየውን ጎን ሳይቀር አለስልሶታል» አሉ ሳይዞሩ። «ከሥር፣ ማንም እጁን የማይሰድበትን። ካርቶኑንም አልጣለውም፤ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል። ማንኪያ ሳወጣ አየሁት። ሌላ ሰው ያደረገውን ነገር ሳያስፈቅድ አይጥልም ማለት ነው።»

«ሰው እንዳለ… ያውቁ ነበር?»

«ሰው እንዳለማ ድሮ ነው ያወቅሁት። የምትደብቂው ኩባያ ከሌሎቹ ሁሉ ያብረቀርቃል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነበር ያልገባኝ። ዛሬ ገባኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ገነፈለች። «እና ያንን ሁሉ ጊዜ መስኮት ከፍቼ በብርድ ስንቀጠቀጥ ዝም ብለው ያዩኛል? የሰውን ሁሉ ዜና ሲዘሩ ኖረው የእኔ ላይ ምን ነካዎት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ደረጃው ያስተጋባል።» ውሃውን ዘጉና ዞሩ። «የመኪና ወሬ ቢያመልጠኝ ምን ይመጣል? አኩርፈው ይመለሳሉ። ይሄ ግን ከእኔ አፍ ቢወጣ ልጅቷ የምትሰማው ‘የአባቴ እህት እናቴን ከሰሰቻት’ ብላ ነው። ካንቺ ነው መስማት ያለባት።» ፎጣውን አንሥተው እጃቸውን አደረቁ። «ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥሩ ሰው ነበር። ግን ካርቶን ነው ያደረገው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ዕንባዋ መጣ፣ ዕንባዋ ደግሞ አናደዳት። በእኚህ ሴትዮ መናደድ እንኳ በሥርዓቱ አይቻልም!

«ይልቅ ዛሬውኑ ንገሪያት» አሉ። «የእኔ የወለል ወሬ መሐንዲስ እስኪመጣ ነው የሚቆየው።»

ዳቦው ተበልቶ እሳቸው ሲሄዱ፣ ልብስ ሰፊዋ ገና በቀን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለልጇ ነገረቻት። የሰካካችው ቃል ሁሉ ጠፍቷት በዘፈቀደ ነው የነገረቻት። ልጅቷ ሻይዋን ገፋ አደረገች።

«አባዬን ረሳሽው?»

«ብረሳው ኖሮ ይሄን ያህል እፈራሽ ነበር?»

ልጅቷ አለቀሰች። እናትየው መሳቢያውን ከፍታ ካርቶኑን ሰጠቻት፤ ተቀብላ ጭኗ ላይ አድርጋ እጥፋቱን በጣቷ ስታሻሽ ቆየች። «መጀመሪያ ሰውየውን ልየው» አለች በመጨረሻ። «ሳላየው እሺም እምቢም አልልም። ስለነገርሽኝ ግን… ቢያንስ ራስሽ ነገርሽኝ።» ይህን ብላ ድንገት ዓይኗ በራ። «ቆይ! አክስቴ አላወቀችም! እማዬ፣ አክስቴ አላወቀችም እኮ!»

ስልኳን አወጣች፤ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አክስቴ! ዜና አለ። እማዬ ሰው አላት!»

«ምን?» አሉ ክብርት ተቆጣጣሪ። «እንዴት? መቼ? በሞትኩት፣ እኔ እኮ አልጠረጠርኩም!»

ትወናቸው ያሳፍራል። ልጅቷ ግን ስልኩን በመዳፏ ሸፍና በሳቅ ፈረሰች። «ምስኪን! አጠገቧ ተቀምጠሽ አላየችም። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ለሁሉም ነው የምነግራቸው!»

ይህ ግን ለልብስ ሰፊዋ አልተዋጠላትም። ማነው ዓይናቸው ደክሟል የሚለው? ነገ ባለ መኪናው ይስቃል፣ የሙሽራይቱ እናት ትስቃለች፣ ሳህን አጣቢው ሳይቀር ይስቃል። ለእሷ ሲሉ ነው ስማቸውን በአይጥ ያስበሉት! ስንት ጊዜ የተመኘችው ቀን መጥቶ አሁን ልትቀበለው አልቻለችም። «ልጄ፣ እኔን ስሚኝ፣ አክስትሽ…» ብላ ጀመረች።

«ልጅቷ ዝም ትበል» አለ ከስልኩ የወጣው ድምፅ። «የዜናው ባለቤት ትናገር። እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ የኔ እመቤት። የት ተገናኛችሁ?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ክብርት ተቆጣጣሪም አንዴም ሳያቋርጧት እስከ መጨረሻው ሰሟት።