ክቡር ሳዶቅና አሥራ አንዱ ክለቦቻቸው

በየሐበሻው ቤት አንድ ሊሳካለት የደረሰ ዘመድ አይጠፋም። ሌላው ወይ ተሳክቶለታል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ሥራ ገብቷል፤ እሱ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሊሳካለት እንደ ደረሰ ነው። ወንድይራድ እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቁ ይሸሸው ነበር። ምን ያደርጋል፣ አንደኛው ሁለት ሻንጣና አራት ጥንድ ታኬታ ይዞ ለንደን፣ አርችዌይ ሠፈር ያለው ፍላቱ ድረስ መጣበት። የገዛ እህቱ የአልታየሽ ልጅ ነው።

ክቡር ፕሮፌሽናል ሳዶቅ ይባላሉ፤ ማዕረጉን ያወጣላቸው ወንድይራድ ነው። ተወልደው ያደጉት ዴንቨር ሲሆን፣ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው አሥራ አንደኛ ክለባቸው ላይ ደርሰዋል። ከአሜሪካ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተነሥተው ፊንላንድ፣ ማልታ፣ ታይላንድና አየርላንድ ተሰልፈዋል። አንዱ ክለብ ከሰረ። አንዱ አሠልጣኙን ሲያባርር እሳቸውንም አብሮ አባረረ። አንዱ ደግሞ የሌላ ሰው ማሊያ አልብሷቸው ግማሽ የውድድር ዘመን «ፔትሪ» ተብለው ተጫወቱ። ለንደን የመጡት ለሁለት ሳምንት ሙከራ ነበር፤ ይኸው አሥራ አራት ወር ሆናቸው፣ ስሙን ሠፈሩ እንኳ በማያውቀው ትንሽ ክለብ።

«ጋሼ፣ ሰውነቴ እኮ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው» ይላል ሳዶቅ ጠዋት ጠዋት፣ ደረጃውን በጎኑ እየወረደ። የወንድይራድ ሚስት ኂሩት ለምሳ ያሰበችውን በረዶ የሆነ አተር ከፍሪዘር ስታጣው፣ ሳሎን ገብታ እብጠቱን እንዲያበርድለት ከጫነበት ጉልበቱ ላይ ታነሣዋለች። ቅቤ አይበላም፤ ቤት የሚያሞቀውን ራዲያተር ሁሉ በሚደርቅ ካልሲ ሞልቶታል።

ወንድይራድ ፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ነው፤ የሰው መኪና ላይ ቅጣት ሲለጥፍ ይውላል። አንድ ቀን መከረው።

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ ሰው እየፈለጉ ነው። ለምን አፕላይ አታደርግም?»

«ኖ ኖ፣ ጋሼ። ትልቅ ክለብ እያየኝ ነው።»

«ከየት ሆኖ ነው የሚያይህ?»

«ፕሮሰስ ላይ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ እንግዳወርቅ፣ የሰው ጉዳይ የማያመልጣቸው ሽማግሌ፣ ወንድይራድን ያዙት። «የእህትህ ልጅ ኳስ ተጫዋች ነው ይሉናል። ምነው በቴሌቪዥን አናየውሳ?»

«የግራ ተከላካይ ነው፤ ካሜራው የሚቆመው በቀኝ ነው» አለ ወንድይራድ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዞር ሲል ሳዶቅ ከኋላው ቆሞ ነበር፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ወንድይራድ ያን ቀን ምሳው አልወረደለትም።

በሳምንቱ ሳዶቅ፣ ለምኖ የማያውቀው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ መጥተህ ብታየኝ?» አለው። ሄደ።

ሜዳው ከባቡር ሐዲድ ሥር ነው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ መቶ የማይሞላ ተመልካች። ሳዶቅ የገባው ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ቡድኑ አራት ለዜሮ እየተመራ ሳለ ነው። የባላጋራው የክንፍ ተጫዋች ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ነፋስ ነው። አንዴ አለፈው፤ ሁለቴ አለፈው፤ ሦስቴ። ልጁ ባለፈው ቁጥር ሳዶቅ ዞሮ፣ ያን የተሰባበረ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ዋንጫ የቀረው ይመስል ያሳድደዋል።

«ጡረታ ውጣ፣ አያቴ!» አለ አጥሩ ላይ የተደገፈ ወፍራም ሰውዬ። ሰው ሳቀ። ለወንድይራድ ስድብ ብርቁ አይደለም፤ በሥራው በየቀኑ በመኪና መስኮት ይሰደባል። ይኸኛው ግን አጥንቱ ድረስ ዘለቀ።

በአራተኛው ሳዶቅ ደረሰበት። ተንሸራትቶ ኳሷን ብቻ፣ ከእግሩ ሥር ንጥቅ አደረጋት። ነጠቃዋ ንጹሕ ነበረች። ያጨበጨበ አንድ ሰው ነው፤ ወንድይራድ። ሳዶቅ ግን አልተነሣም።

ጅማቱ ተበጥሷል። ሐኪሙ ቢሰፋ እንደሚራመድ፣ ኳስ ግን እንዳበቃ ነገረው። ክለቡ የሁለት መስመር ምስጋና በኢሜይል ላከለት፣ ስሙን አሳስቶ። ሳዶቅ ሦስት ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንድ ከሰዓት ሳይዞር ተናገረ።

«ጋሼ፣ ማንም አያየኝም ነበር እኮ። አውቅ ነበር።»

ወንድይራድ «እኔ አይቼሃለሁ» ሊል አፉን ከፈተና፣ «ሾርባው ይቀዘቅዝብሃል» አለ።

እናቱ ትኬት ቆርጣ ወሰደችው። አሁን ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ይቀበላል። ሲደወልለት «ኦል ጉድ» ይላል። ከዚያ በላይ አያወራም።

ሳሎኑ ሰፋ፤ ራዲያተሩም ነጻ ወጣ። ወንድይራድ ለዓመት ሲጸልይለት የነበረው ይህ ነበር። በወሩ ቅዳሜ ለኂሩት «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ወጣና እግሩ ያ ሜዳ አደረሰው። በግራ በኩል አዲስ ተጫዋች ተሰልፏል። ፈጣን ነው፣ አቋሙም ያምራል፤ ኳስ ሲነጠቅ ግን ወገቡን ይዞ ቆሞ ይመለከታል። ባላጋራው በባዶው መስመር ነጎደ።

ወንድይራድ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ፣ በአማርኛ ጮኸ፦

«ተመለስ! ኧረ ተመለስ! ተመለስ እንጂ ልጄ!»